የቃል ያዡ ቅል

ቡልጋ ለምትኖሪው ለታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ክረምት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አዳልጦሽ ወደቅሽ ቢሉኝ ስንት ቀን እህል አልወረደልኝም። ልጆቹስ? ያቺ ቀይ ጊደር ወለደች? ባለቤትሽስ ያንን ሳሉን ተወው ወይስ አሁንም እንደ ድሮው ቅዳሴ መሀል እየሳለ ቄሱን ያናድዳል? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ብርዱን ብቻ አትጠይቂኝ። ጉሙ ከጽዱ ላይ እስከ ቀትር አይነሣም፤ እንጨቱ ርጥብ ነው፤ ዐይኔ በጭስ አልቋል።

የላክሽውን ወረቀት ነጋዴዎቹ አድርሰውልኛል። አንብቤ ሳቅሁም፣ ተናደድሁም። ባለ መሬት ሆነሽ ረሳሽን ትያለሽ። ባልሽ በእውነተኛነቱ ጋሻ መሬት ተሸለመ አሉ፣ እኛም መጥተን እንጠጋ ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እውነት ነው፣ ተሸልሟል። ያወራሽ ሰው ግን እንዴት እንደ ተሸለመ አልነገረሽም። አባታችን ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠረን ለዚህ ቀን ነው መሰለኝ፤ በሰው አፍ የማይላክ ነገር ነው። ሰምተሽ ስታበቂ፣ ምጪም ቅሪም ራስሽ ቁረጪ።

ደምመላሽን የምታውቂው በሠርጋችን ሰሞን ብቻ ነው። ጎባ ሳለን ሥራው ቃል መያዝ ነበር። እዚህ አገር ገና ከገባን ስንት ዘመናችን ነው? ብራና እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚጽፍም ሰው የለም። አገሩን የሚገዛው ጌታ ችሎት ተቀምጦ ሲፈርድ ወይም መሬት ሲሰጥ፣ ከግቢው ሰዎች ሦስቱ በግራ በኩል ቆመው የተባለውን በልባቸው ይይዛሉ። በኋላ ጠብ ሲነሣ እነሱ ይጠሩና እንዲህ ተብሎ ነበር ይላሉ፤ ያሉትም ይጸናል። ደምመላሽ፣ ብዙነህና ተክለማርያም ነበሩ ቃል ያዦቹ። ከሦስቱም የእኔው ባል ይበልጥ ነበር። የሰነበተ ሙግት ሰምቶ ሲመጣ ማን እንደ ማለ፣ ማን እንደ ተሳደበ፣ ማን መሀል ላይ እንዳስነጠሰ ሳይቀር ይነግረኛል። ስንጣላማ መከራዬን ነበር የማየው። እኔ የረሳሁትን የራሴን ነገር ከነድምፄ አምጥቶ ያቀርብልኝ ነበር። በሞትሽ እትዬ፣ ዛሬ ያን ጠብ እንዴት እንደ ናፈቅሁት ብታውቂ።

እሱና ብዙነህ ወደ ደሎ ቆላ ዘምተው ንዳድ ያዛቸው። ብዙነህ እዚያው ቀረ፤ ነፍሱን ይማር። ደምመላሽን በቃሬዛ አመጡልኝ። ራሱን ስቶ ነበር፤ ሲጮህና ሲዘፍን ነበር የሚያድረው። የእኛ ሰዎች ሕመሙን ፈርተው ከደጅ ይመለሱ ነበር። የደረሰልኝ ማን ነው ብትዪኝ፣ የአገሬው ሰው ኦቦ አማንና ሚስቱ ሩቂያ ናቸው። ከጎባ ወደ ሮቤ ሜዳ ሲወርዱ ወንዙን ተሻግሮ ነው ቤታቸው። ሩቂያ ያን ሁሉ መንገድ በጠዋት እየመጣች ወተትና ማር ታቀርብልኝ ነበር። እኔ እንቅልፍ ሲጥለኝ እሷ ትጠብቀዋለች። እነዚህ ሰዎች የእኛ ሠራዊት ሲገባ ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ የአማንም ወንድም የሞተባቸው ናቸው። ቢጠሉን ማን ይፈርድባቸዋል? አንድ ቀን በሰባራ ኦሮምኛዬ ለምን እንዲህ ትደክሚልኛለሽ አልኳት። እሷም ባልሽ ቃላችንን ይዞልናል፣ እሱ ከሞተ ማን ይናገርልናል አለችኝ። አልደበቀችኝም፤ እኔም በዚህ ወደድኳት።

ቃላችን ያለችው ይህ ነው። የቀድሞው ጌታ ወደ ሸዋ ሳይጠራ በፊት፣ ኦቦ አማን ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ከሌላው ቀድሞ በሰላም ስለ ገባና ለሠራዊቱ ስንቅ ስላቀበለ፣ መሬቱ ለእሱና ለልጆቹ እንዲጸና በችሎት ፈርዶለት ነበር። ሦስቱ ቃል ያዦች ቆመው ሰምተዋል። ደምመላሽ ያን ዕለት ቤት ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነገሩን ሁሉ ነግሮኝ ነበር። ደስ ብሎት ነበር። አንድ እንኳ የአገሬው ሰው ሳይነቀል ቀረ እያለ ደጋግሞ ያወራው ነበር።

ከንዳዱ ዳነ። ሥጋውም ተመለሰ። ልቡ ግን እንደ ነበረ አልተመለሰም። መጀመሪያ ምሳውን በልቶ እጁን እየታጠበ ምሳ አልደረሰም ወይ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ አንድ ቀን በቅሎውን ጭኖ ወጥቶ ቶጎና ወንዝ ሲደርስ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶበት ተመለሰ። ለማንም አትናገሪ አለኝ። እኔስ ለማን ልናገር?

በዚህ መሀል አዲሱ ጌታ መጣ። ከእሱም ጋር ኃይለመስቀል የሚባል የግቢ አዛዥ መጣ። ቀጭን፣ ጸሎተኛ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ መልእክተኛ ስንቅ ይውጣ የተባለውን ቃል ረስቶ፣ ወደ ሪራ የሚወርዱት ወታደሮች ሳነቴ ተራራ ላይ በረሃብና በብርድ አለቁ። ጌታ እጅግ ተቆጣ። ያን ጊዜ አዛዡ አንድ ዘዴ አመጣ። በልጅነቱ ገዳም አድጓልና መነኮሳቱ የቀኑን በደላቸውን በጠጠር ሲቆጥሩ አይቷል አሉ። ለግቢው ሠራተኛ ሁሉ፣ ከቃል ያዡ እስከ ፈረሶቹ ሹም እስከ ባልደራሱ፣ ምልክት ያለበት ቅል ተሰጠው፤ ግምጃ ቤቱ ውስጥም ተሰቀለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ብቻውን እየገባ፣ በሳምንቱ ለረሳው ነገር ባቄላ፣ ሥራ ላይ ቆሞ ልቡ ለኮበለለበት አተር፣ ነገር ተምታቶበት መቁረጥ ላቃተው ገብስ እየቆጠረ ይጥል ጀመር። ማንም አይጠይቀው፣ ማንም አያየው፤ ራሱ በራሱ ላይ ይመስክር ተባለ። ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው የዋሸ ውግዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። ቅሉ በየወሩ ተከፍቶ ብዙ ፍሬ የተገኘበት ከሥራው ይነሣል ተባለ።

ያን ሰሞን ጎባን ብታያት! የሚረሳ ሰው ጠፋ። ወይ ጉድ፣ ሁሉም ሊቅ ሆነ። ባልደራሱ የእኔን ስም እንኳ በወጣ በገባ ቁጥር የሚረሳ ሰው ነው፤ ከእሱ ቅል አንዲት ገብስ ብቻ ወጣች። ሚስቱ አሰገደች ቤቴ መጥታ እየሳቀች ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ለቅሉ ብሎ የቆጠረውን ባቄላ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ መጣሉን ረስቶት፣ እሷ አግኝታ ቆልታ በላችው። እንዲህ እንስቅ ነበር እንግዲህ፣ ሳቁ ሳያልቅብን።

ደምመላሽ ግን ግዝት የሚፈራ ሰው ነው። ሳያጓድል ሊጥል ይፈልጋል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የረሳውን ነገር በምን ያስታውሰው? ስለዚህ ቅዳሜ ከመሄዱ በፊት አጠገቤ ቁጭ ይልና በዚህ ሳምንት ምን ረሳሁ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም እቀንስለታለሁ። ከአሥሩ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን እነግረዋለሁ፤ እሱም አምኖኝ ያችኑ ይዞ ይሄዳል። ከሥራው ከተነሣ ምን እንበላለን ብዬ ፈርቼ ነበር። የነሩቂያም ነገር በልቤ ነበረ። ተክለማርያምን ደግሞ፣ ያን አንድም ነገር የማይረሳውን ሰው፣ ቅሉ በየወሩ ባዶ እየወጣ ሳለ፣ አዛዡ አንገቱ ወደሚባለው ሩቅ አገር ጫካ ጠባቂ አድርጎ ሰደደው። ስለዚህ ጎባ የቀረው ቃል ያዥ የእኔው ደምመላሽ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ቃላድ ሊጣል ነው ተባለ። መሬቱ ሁሉ በገመድ ይለካል፣ ቃል የሌለው ሰው የያዘው ለወታደሩ ተከፍሎ ይሰጣል። በሳምንቱ አዛዥ ኃይለመስቀል ቤታችን መጣ። አንድ ቀን እንኳ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ተቀመጠና ደምመላሽን ልክ እንደ ወንድሙ እያጫወተ፣ የቀድሞው ጌታ ለዚያ ለአማን መሬቱን የሰጡት ቃላድ እስኪጣል ድረስ ብቻ ነበር፣ ትዝ ይልሃል አይደል አለው። ደምመላሽ ግንባሩን አሻሸ። ወደ እኔ አየ። አለማስታወሱ አሳፈረው መሰለኝ፣ አዎን አለ። አዛዡ በማግስቱም መጥቶ ያንኑ ደገመ። በሌላው ቀን ሲመጣ አዛዡ ጀመረው፣ ባሌ ጨረሰው። አዛዡም እሰይ፣ እንዲህ ያለ ልብ የት ይገኛል ብሎ አመስግኖት ወጣ።

ሲሄድ ጠብቄ፣ አንተ ሰው፣ እንደዚያ አልነበረም፣ አንተው ራስህ የነገርከኝን እኔ ልንገርህ አልኩት። ተቆጣኝ። የቆምኩት እኔ፣ የሰማሁት እኔ፣ አንቺ ከየት አመጣሽው አለኝ። ዐይኑን አየሁት፤ እየዋሸ አልነበረም። ያ ሰውዬ የነገረው ሁሉ በልቡ ገብቶ የራሱ ሆኗል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አስቤ አስቤ አንድ መላ ብቻ ታየኝ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ላይ እንደ ልማዱ ምን ረሳሁ ብሎ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። የሳምንቱን ብቻ አይደለም፤ ከንዳዱ ወዲህ ያለውን፣ የደበቅሁትን ሁሉ። የበቅሎውን፣ የምሳውን፣ ዓርብን እሑድ ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያን የሄደበትን፣ የሞተችውን እናቱን ልጠይቅ ልሂድ ያለበትን። ቅሉ ቢሞላ ከሥራው ያነሡታል፤ እሱ ከተነሣ ደግሞ ተክለማርያምን ከአንገቱ ጫካ ማስጠራታቸው አይቀርም፣ እሱ እውነቱን ይናገራል ብዬ ነው። ርሃቡን እችለዋለሁ አልኩ። እሱ እየሰማ ባቄላውን አንድ በአንድ በመሶቡ ክዳን ላይ አኖረ። ሳበቃ ይህ ሁሉ ነው ወይ አለኝ። ይህ ሁሉ ነው አልኩት። ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ከዚያ ፍሬውን በኩታው ቋጥሮ ሄዶ ጣለው።

ቅሉ የተከፈተው በችሎት ፊት ነው። በበሬ ቆዳ ላይ ሲያፈሱት የሌላው ሰው ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ ሆኖ ይወጣል። የደምመላሽ ሲፈስ ተንኳኳ፤ ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ሥር ቆሜ አሁን ተገላገልን እላለሁ። አዛዥ ኃይለመስቀል ግን አልሳቀም። ሳቁን በእጁ ዝም አሰኘና በዚያ ለስላሳ ድምፁ መናገር ጀመረ። ይህ ሁሉ ሰው ግዝቱን ንቆ ዋሽቷል፤ ከመካከላችን እግዚአብሔርን የፈራ ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በራሱ ላይ እንኳ እንዲህ የመሰከረ ሰው በሌላው ላይ በሐሰት ይመሰክራል ወይ አለ። ጌታም እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ አጥሩን ያዝኩ።

ወዲያው የኦቦ አማን ነገር ቀረበ። አማን አስተርጓሚ ይዞ ቆሞ፣ የኔ ምስክር እሱ ነው ብሎ በጣቱ ወደ ደምመላሽ አመለከተ። ፊቱ ላይ ምንም ሥጋት አልነበረም እኮ! ደምመላሽም ቀና ብሎ፣ ቃላድ እስኪጣል ድረስ ብቻ ተብሎ ነበር ብሎ መሰከረ። አስተርጓሚው እስኪመልሰው ድረስ አማን ፈገግ እንዳለ ነበር።

እኔ አቤት ብዬ ጮህኩ። አዎን፣ እኔ ታናሽ እኅትሽ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። ይህ ሰው ታሟል፣ ይረሳል፣ ባቄላውን አላያችሁም ወይ፣ ትክክለኛውን ቃል ያን ዕለት ለእኔ ነግሮኛል አልኩ። ጌታ ራሱ እንድናገር አዘዘልኝ። አዛዡ ከቀድሞው ጌታ አፍ ሰምተሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከባሌ ነው አልኩ። ባልሽ ይኸው ቆሟል አለና ወደ እሱ ዞሮ ነግረሃታል ወይ አለው። ደምመላሽ አየኝ። አንጀት የሚበላ አስተያየት ነበር። ትዝ አይለኝም አለ። እኔም ይኸው ረሳ፣ ይኸው ብዬ እንደ እብድ ጮህኩ። አዛዡ ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ? ይህ ሰው የረሳውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ቆጥሮ አምጥቷል፣ ይህንንም ረስቶት ቢሆን ኖሮ ባቄላ ይጥልበት ነበር አለ። ችሎቱ ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። በዚሁ ተፈረደ።

ቃላዱ ተጣለ። መሬቱ ለወታደር ሲከፈል ወንዝ ዳሩ ያለው ለሙ ቁራጭ ስለ እውነተኛነቱ ለደምመላሽ ተሰጠ። ከላይ ያለውን አዛዡ ራሱ ወሰደው። ኦቦ አማን ከነቤተሰቡ እዚያው በመሬቱ ጫፍ የእኛ ገባር ሆኖ ቀረ። የሰማሽው ሽልማት ይህ ነው። ሩቂያ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ፣ ትለኛለች፣ እመልስላታለሁ፣ ዐይኗን ግን አትሰጠኝም።

ከጎባ ወርደን እዚህ ከሰፈርን ወዲህ ደምመላሽ ተረጋግቷል። የዛሬውን ነገር ጨርሶ አይዝም። የድሮው ግን ተመልሶለታል፤ የልጅነቱን፣ የሠርጋችንን፣ የቀድሞውን ጌታ ዘመን ሁሉ ያወራኛል። ኦቦ አማን የግብሩን ገብስ አስጭኖ ሲመጣ ባሌ ከመደቡ ይነሣለታል። ጎረቤት ሊጠይቀን የመጣ ይመስለዋል። እጁን ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ከእኔም በኦሮምኛ ይሻላልና ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። ከዚያ አይዞህ፣ ቃላድ ሲመጣ አትሥጋ፣ ቃልህን እኔ ይዤልሃለሁ ይለዋል። ይልና በግራ በኩል እንደሚቆሙት ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጀምራል፤ ከወንዙ እስከ ጽዱ ጋራ፣ ለአማንና ለልጆቹ፣ ለልጅ ልጆቹም፣ ቃላድ አይጣልበት፣ ወታደር አይስፈርበት፣ ይህን የነካ የእኔን ፊት አይይ። አንድ ቃል አይስትም እትዬ። የቀድሞውን ጌታ ድምፅ ሳይቀር ያመጣዋል። አማን እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል። ገለቶማ ብሎ ያመሰግነዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ገብሱን ጎተራችን ውስጥ ይገለብጣል።

አማን ይህን መጀመሪያ የሰማ ዕለት ግን ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ካስታወሰ ወደ ችሎት ትወስጂው የለም ወይ አለኝ። እወስደዋለሁ፣ ክረምቱ ይውጣ አልኩት። ክረምቱ ወጣ። መከሩ ይግባ አልኩት። መከሩም ገባ። አሁን አይጠይቀኝም። እኔም አሁን በቅሎ መቀመጥ አልችልም፤ ጎባ ድረስ በእግሬ ዳገቱን መውጣትም አይሆንልኝም።

ስለ መምጣታችሁ የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። መሬቱ ይበቃናል። ከመጣሽ ለግንቦት ድረሺልኝ፤ አጠገቤ የእናቴን ልጅ ማየት እፈልጋለሁ። ባትመጪም፣ እናታችን አንቺንም እኔንም ያዘለችበትን አንቀልባ ለሰው አልሰጠሽው እንደሆነ በነጋዴዎቹ እጅ ላኪልኝ።

የቡልጋው ሚካኤል ከጉልበትሽ ሕመም ያውጣሽ። ልጆችሽን ክፉ አይንካቸው፤ ማጀትሽ አይጉደል፤ ደጅሽን ሰው አይጣው። የሰው ቤት ከመግባት፣ በሰው እህል ከመጥገብ አንቺን ይጠብቅሽ። ለእኔም ጸልዪልኝ፤ ምን ብለሽ እንደምትጸልዪ ግን እኔም አላውቀው።

ከሮቤ ሜዳ፣
ታናሽ እኅትሽ